ደብዳቤ ለልጄ፦ ፊቷስ የት ሄደ?

ለምወድህ ልጄ፣

ጤናህን እንደምን ሰነበትህ? እኔና እህትህ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ገብቷል። የምረቃ ሰሞን ስለሆነ ሱቁ ፋታ የለውም። ኔትወርኩ መጣ ሲሉት ይጠፋል። በስልክ እየተቆራረጠ ከምነግርህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

የትንሣኤ ለት ከእህትህ ጋር የተከራከራችሁበት ነገር ከልቤ አልወጣም። አንተ ከሄድህ በኋላም እሷ ሱቅ በመጣች ቁጥር ታነሳዋለች። ደንበኞችም ገብተውበታል። ያን ለት ቤቱ እንግዳ ስለነበረበት ዝም ብዬ ሰማኋችሁ። አሁን የኔን ልንገርህ። ነገሩ ለሌላው ሰው ወሬ ነው፤ ላንተ ግን እንጀራህ ነው። ካሜራውን የምትይዘው አንተ ነህ። ቆርጠህ የምትቀጥለውም አንተ ነህ።

አንተ ያልኸው እንዲህ ነው። «የዘፈን ክሊፕ ላይ ገላዋን የምታሳየው ሴቷ ብቻ አይደለችም። ወንዱም ደረቱን ገልጦ ይቀረጻል። ጡንቻ ያለው ልጅ አምጡ ይሉናል። ስለዚህ እኩል ነው፤ ማንም ማንንም አልበደለም።» እህትህ ደግሞ «ቁጥሩን ተወውና አቀራረጹን እየው» አለችህ። ከዚያ ድምፃችሁ ከፍ አለና ቡናው ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ ላንተ ልመስክር። ያልኸው ውስጥ እውነት አለ። ድሮ ልብስ አጥብቢልኝ ብላ የምትመጣው ሴት ነበረች። አሁን ወንዱ በልጧል። ሸሚዙን ይዞ ይመጣና «እጅጌውን እዚህ ጋ ያዝ አድርጊልኝ» ይላል። ሜትሩን ክንዱ ላይ ሳዞር ትንፋሹን ውጦ ጡንቻውን ይወጥራል። ልኩን ስነግረው ፊቱ ይጠቁራል። «እስኪ ሌላኛውን እጄን ለኪው» ይለኛል። አንድ የጎረቤት ልጅ ጂም ከጀመረ ወዲህ ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ዱቄት በውሃ እየበጠበጠ ይጠጣል። እናቱ ተው ስትለው «ይሄ ከሌለ ሰው አልሆንም» አላት። ጤነኛ፣ መልከ መልካም ልጅ ነው። ማን ነው ሰው አይደለህም ያለው? ቀን ከሌት የሚያየው ስልክ ነዋ።

እህትህ ያነበበችልኝ አንድ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወንድ ልጆች የሚሸጥ ጂ.አይ. ጆ የሚባል የወታደር አሻንጉሊት አለ። ተመራማሪዎች የየዘመኑን አሻንጉሊት ሰብስበው ወገቡን፣ ደረቱንና ክንዱን ለኩት። ውጤቱን በ1999 አወጡ። አሻንጉሊቱ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ጡንቻው እያበጠ መጥቷል። ከሁሉም የገዘፈው ወደ ሰው ቁመት ቢያድግ የክንዱ ዙሪያ 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጄ፣ 68 ሴንቲ ሜትር እኔ ለቀጭን ልጃገረድ ወገብ የምቆርጠው ልክ ነው። የወንድ ክንድ ይህ ነው ብለው ለሕፃን የሚሰጡት ያንን ነው። ስለዚህ ወንዱም ተነክቷል። እህትህም ይህን ክዳ አታውቅም።

«እኩል ነው» ያልኸው ላይ ግን አልተስማማሁም።

በ1996 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ባርቢ የምትባለውን የሴት አሻንጉሊትና ወንዱን አሻንጉሊት ኬንን ወደ ሰው ቁመት አሳድገው አስልተው ነበር። እንደ ኬን ያለ ሰውነት ያለው ወንድ ከ50 ሰው አንድ ይገኛል። እንደ ባርቢ ያለች ሴት ግን ከ100,000 አንድም አትገኝም። ሁለቱም ውሸት ናቸው። የኬን ዓይነቱን ግን እኛው ሰፈር ፈልገህ ታገኘዋለህ። የባርቢ ዓይነቷን ጎጃምን ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ብትዞር አታገኛትም።

የማትገኘዋ ሴት ደግሞ በየቀኑ ሱቄ ትመጣለች፤ በስልክ። ሰሞኑን አንዲት ተመራቂ መጣችና «እንደዚህ አድርጊልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ቀሚሱ ያምራል። ጥለቱ ከደረት እስከ ታች ይወርዳል፤ ወገቡ ላይ ጠበቅ ብሎ ከዳሌው በታች ይለቃል። የለበሰችው ልጅ ወገብ ግን ከስንዝሬ አይተርፍም። ፎቶውን ሰፋ አድርጌ አየሁት። ከልጅቷ ጀርባ በር አለ። የበሩ መቃን ወገቧ አጠገብ ሲደርስ ወደ ውስጥ ጎብጧል። ወገቧን ያሳነሰው እጅ መቃኑንም ይዞት ሄዷል። ይህን ላንተ አላስረዳም፤ ሥራህ ነው። ለልጅቷ ግን አሳየኋት። አየችው፣ ሳቀችም። ከዚያ ሜትሩ ላይ ያለውን ስታይ ሳቋ ጠፋ። 71 ነው። «64 አድርጊው» አለችኝ። «ቁጭ ስትይ ዚፑ ይበጠሳል» አልኋት። «አልቀመጥም» አለች።

ውሸት መሆኑን በዓይኗ አይታለች። ማየቷ ግን አላዳናትም። ስንት ዓመት ተምራ፣ ስንት ሌሊት አጥንታ፣ በምረቃዋ ቀን ቀኑን ሙሉ ላለመቀመጥ ወሰነች። ይህ ነው ሆዴን የሚበላኝ። በ2021 እ.ኤ.አ. የኢንስታግራም ባለቤት ከሆነው ኩባንያ የውስጥ ሰነድ ወጥቶ ነበር። የራሱ ሠራተኞች ያጠኑት ነው። ከሦስት ልጃገረዶች አንዷ ስለ ሰውነቷ ያለባትን ጭንቀት እናባብሳለን ይላል። ሠሪዎቹ ራሳቸው እያወቁት ነበር ማለት ነው።

ሌላም ነገር ልንገርህ፤ ይሄኛው እኔ በየቀኑ የማየውን ነገር ስለሚመስል በጣም ገርሞኛል። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንድ በአንድ ልብስ መለኪያ ክፍል አስገቧቸው። ትልቅ መስታወት አለ። ግማሹ ሹራብ ለበሰ፣ ግማሹ የዋና ልብስ። እንደለበሱ፣ ብቻቸውን፣ ማንም ሳያያቸው የሒሳብ ፈተና ተሰጣቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ሴቶች ያነሰ ውጤት አመጡ። ወንዶቹ ግን ልብሱ ለውጥ አላመጣባቸውም። እንግዲህ አስበው፤ በክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ልጅቷ ራሷን በሌላ ሰው ዓይን ማየት ጀመረች፤ ከጭንቅላቷ ግማሹ እዚያ ተያዘ። እኔም መጋረጃው ውስጥ ገብታ ቀሚስ የምትሞክር ሴት ስትወጣ ገና ፊቷን አይቼ አውቃለሁ። ስለ ልብሱ ስትጠይቀኝ አትሰማኝም። ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነው።

በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ ደገሙት። አሁን ወንዶቹንም ሰፊ ቁምጣ ሳይሆን ገላ ላይ የሚጣበቅ የዋና ልብስ አለበሷቸው። የወንዶቹም ውጤት ወረደ። ይህ ላንተ ይመሰክራል። የነገረችኝ ደግሞ እህትህ ራሷ ናት፤ ለክርክሯ አይመችም ብላ አልደበቀችውም። ለዚህም ነው የማምናት።

እኔ ከሁለቱ የወሰድሁት ይህን ነው። ሰው ራሱን ከውጭ ሆኖ እንዲያይ ከተገደደ፣ ወንድም ሴትም ይጎዳል። ልዩነቱ ስንት ጊዜ ይገደዳል የሚለው ላይ ነው። ወንዱ ጂም ሲገባ፣ ፎቶ ሲነሳ ያስታውሰዋል። ሴቷ ከቤት ወጥታ እስክትመለስ አትረሳውም። ገበያ ስትሄድ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ባጃጅ ስትሳፈር የሚለክፋት አታጣም። የምታወጡት ምስል የሚጨመረው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ሰው ላይ እኩል ውሃ ብታፈስስ፣ አንደኛው ቀድሞ የበሰበሰ ከሆነ እኩል አይበርደውም።

አሁን ወደ ገላ ልምጣ። እዚህ ላይ ከእህትህም ከሌላውም የምለይበት ነገር አለኝ። ገላ መታየቱ በራሱ አያስቆጣኝም። አገራችን ጎጃም ናት። አባቶችህ ቁምጣ ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው፣ ዱላ ይዘው ነው ገበያ የሚወጡት። ጭናቸው ይታያል። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። አውቶቡስ ውስጥ እናት ጡቷን አውጥታ ታጠባለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌ ሕፃኑን ያጫውታል። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ነው። ይህን ሁሉ ነውር ያለ የለም።

ለመታየት ብሎ ማጌጥም አያስቆጣኝም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚል ሕዝብ ነን። ለጥምቀት የምሰፋው ቀሚስ ለመታየት ነው የሚሰፋው፤ የምትለብሰውም ታውቃለች። ወንዱም ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ነጭ ለብሶ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ የሚጨፍረው እንድታየው ነው። ጃንሜዳ በለው፣ የኛ ታቦት ማደሪያ በለው፣ በዚያ ቀን መተያየት አለ። በሠርግ እስክስታም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ትከሻ ትከሻን ይጠራል። እሱ ያያታል፤ እሷም ታየዋለች፤ ካልተመቻትም ፊቷን አዙራ ከክቡ ትወጣለች።

እንግዲህ ይህን መተያየት ያበላሸብኝ ካሜራው የሚያደርገው ነገር ነው። አንድ ምሽት እህትህ በጎጃም ዜማ የተሠራ አንድ ክሊፕ ከፍታ እያቆመች አሳየችኝ። ያንተ አይደለም። ዘፋኙ በፈረስ ይመጣል። ጋቢውን ነፋስ ያነሳዋል። ሩቅ ያያል። ደረቱ ይታያል፤ ዓይኑም ይታያል። ከዚያ ልጆቹ ይመጣሉ። የአንዷ ወገብ። የሌላዋ ትከሻ። ዳሌ፣ ከታች ወደ ላይ። ከንፈር። እንደ ፋሲካ ዶሮ በየብልታቸው ተለያይተው ቀረቡ። እህትህ ወደ ኋላ እየመለሰች «አሁን ይቺ ማን ናት? ከቅድሟ ትለያለች?» አለችኝ። መለየት አልቻልሁም። ቀሚስ ሰፊ ሆኜ በቀሚሱ ለመለየት ሞከርሁ፤ አንድ ዓይነት አልብሰዋቸዋል።

እዚያው ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ወንዱ ደረቱን ቢገልጥም ዓይኑ አለው። ያየሃል። እየሠራ ነው፤ ይጋልባል፣ ያዛል፣ ይፈልጋል። ሴቷ ግን የምታይበት ዓይን አልተተወላትም። የምትፈለግ እንጂ የምትፈልግ አይደለችም። ወንዱ ላይም ይህ ሲደረግ አይቻለሁ። እኛ ከተማ አንድ ጂም በር ላይ ራስ የሌለው የወንድ ደረት ተለጥፏል። አንገቱ ላይ ቆርጠውታል። እሱም ያው ነው፤ ለሱም አዝናለሁ። ሆኖም ከአንድ ክሊፕ ውስጥ ራስ የሌለው ወንድ ስንት ጊዜ ታገኛለህ? አንተው ቁጠርና ንገረኝ።

በናንተ ሥራ የምትተዳደር አንዲት ልጅ ደንበኛዬ ናት። ስሟን አልጽፍም። ስትወዛወዝ ብታያት ትከሻዋ አጥንት ያለው አይመስልም። ለአንድ ቀረጻ የሰፋሁላትን ቀሚስ ከጉልበት በላይ አሳጥሪው ብለዋት ይዛው መጣች። «አንቺስ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ግድ የለኝም እትዬ፣ አጭር እለብሳለሁ» አለች። ከፈለገችማ ብዬ አሳጠርሁት፤ ጥለቱ እንዳይቆረጥ ከላይ አነሳሁላት። ክሊፑ ሲወጣ እናቷን፣ አክስቷን፣ ጎረቤቱን ሰብስባ ከፈተች። ትከሻዋ አለ። ወገቧ አለ። ዳሌዋ እየተመላለሰ አለ። ፊቷ የለም። እናቷ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ «የታለሽ?» አለቻት። ጥለቱን አሳይታ ነው «ይቺ እኔ ነኝ» ያለቻት። ሱቅ መጥታ ስትነግረኝ እንባዋ መጣ። «በአጭር ቀሚሴ አላፈርሁም። ያፈርሁት እናቴ ስትፈልገኝ ነው» አለችኝ።

ይህን ስጽፍልህ አሁንም እናደዳለሁ። ያ ትከሻ የስንት ዓመት ልፋት ነው። ጥበብ ነው። ፊቷ ላይ ያለው ስሜት ከትከሻዋ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። ይህን ፊት ለማስቀረት የወሰነ ሰው ነበረ፤ እዚያ ኤዲት ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ።

ሰው ሁሉ እንደኔ አያስብም። ክርክሩን ስታነሳው አራት ሰው አራት ነገር ይልሃል። የተከበሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ኮት ሊያሰፉ ይመጣሉ። «ይህ ሁሉ የመጣው ሴቶቹ አለባበሳቸው ስለተበላሸ ነው፤ ቢሸፍኑት ማን ያያቸው ነበር?» ይላሉ። እኔ አባቴን የሚያህል ሰው ስለሆኑ ድምፄን አላነሳባቸውም፤ መልሴን ግን አልዋጥሁባቸውም። በኔ ልጅነት ቀሚሳችን ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። ነጠላ ሳናጣፋ ደጅ አንወጣም። እዚሁ ጎጃም ውስጥ ስንቷ ሕፃን ነች በዚያ ረጅም ቀሚሷ ያለዕድሜዋ የተዳረችው? ስንቷ ነች ውሃ ልትቀዳ ወርዳ የተጠለፈችው? ሕጉ ዛሬ 18 ዓመት ይላል፤ ያኔ ግን ጡት ያወጣች ሁሉ ደርሳለች ይባል ነበር። እነዚያን የተመኛቸው ዓይን ልብስ አላስቆመውም። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ሴቷ ቀሚስ ጫፍ ላይ የሚሰቅልብኝን ሰው አልቀበልም። እሳቸውም ዝም ብለው ሰሙኝና «ይሄስ እውነት ነው» አሉ፤ ኮታቸውን ይዘው ሄዱ።

ሌላው ደግሞ «ሰውነቷ የራሷ ነው፣ ከፈለገች ታሳይ፣ ምን አገባችሁ?» ይላል። ይህን የሚሉት ወንዶች ብቻ አይደሉም። እህትህ እንደነገረችኝ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለሴቶች መብት የሚታገሉት ሴቶች ራሳቸው በዚህ ነገር ለሁለት ተከፍለው ነበር። አንዶቹ የወሲብ ምስልና ፊልም የሴቶችን መብት ይጥሳልና በሕግ ይጠየቅ አሉ። ሌሎቹ ዛሬ ያንን የከለከለ መንግሥት ነገ የኛንም አፍ ይዘጋል ብለው ተቃወሙ። ኢንዲያናፖሊስ የምትባል ከተማ በ1984 ሕጉን አወጣች፤ ፍርድ ቤት የመናገር ነፃነትን ይነካል ብሎ ሻረው። በማግስቱ ዓመት ይግባኝ ሰሚውም ፍርዱን አጸናው።

እኔ ሕጉን እንደተቃወሙት ሴቶች ነኝ። ያቺ ልጅ አጭር መልበስ መብቷ ነው። ቢሆንም «ፈልጋ ነው» ስትሉ ምኑን ፈልጋ እንደሆነ ተናገሩ። መወዛወዝ ፈልጋለች። መልበስ ፈልጋለች። ፊቴን ቆርጣችሁ አውጡልኝ አላለችም። ማንም አልጠየቃትም። ብሩስ ለማን ሄደ? ለሷ የቀን አበሏ ደረሳት። ክሊፑ ስንት ጊዜ ቢታይ ስሟ ከሥር የለም።

ሕጉስ ምን ይላል ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ያለውን ልንገርህ፤ ሥራህ ነውና ማወቅ አለብህ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሴቶችን ክብርና ሰብዓዊ መብት የሚነካ ማስታወቂያ ይከለክላል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ በኋላ ደግሞ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ ወረደ። የወረደው ለጤና ተብሎ ነው፤ ከሱ ጋር ግን ጭፈራና ብርጭቆ ይዘው ይቆሙ የነበሩት ቆነጃጅትም አብረው ወረዱ። ፈረንሳይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሞዴል ገላ በኮምፒውተር ከቀጠነ ወይም ከወፈረ ማስታወቂያው ላይ እንዲጻፍ ታስገድዳለች። ኖርዌይም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አስጀምራለች። ያቺ መቃኑ የጎበጠ ፎቶ እዚያ ብትሆን ጽሑፍ ይለጠፍባት ነበር። እኛ ጋ ግን ክሊፕ ማስታወቂያ አይባልም፤ ቲክቶክ ላይ የሚወጣውንም ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ስለዚህ ውሳኔው ዞሮ ዞሮ አንተ እጅ ላይ ይወድቃል።

ወደ ጎማው ሥራ ልምጣ። ለእህትህ የነገርሃትን ነግራኛለች። ባሕር ዳር ውስጥ ጎማ የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያ እንድትሠራለት ቀጥሮህ፣ «አንዲት ቆንጆ ልጅ አጭር ልብስ ለብሳ ጎማው ላይ ትደገፍ» ብሎሃል። ተቀብለህ አዝለህ የመጣኸው ሐሳብ የሱ ነው፤ ያንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እምቢ ብለህ እንጀራህን አጣ አልልህም። የቤት ኪራይ እንዳለብህ አውቃለሁ። ግን ሰውየው የሚፈልገው ጎማው እንዲሸጥ ነው። ልጅቷ ጎማው ላይ ብትደገፍ የሚያየው ሰው ልጅቷን ያያል እንጂ ጎማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አያውቅም። ይህን በነጋዴ ቋንቋ ንገረው፤ ነጋዴ ይሰማል።

ሴት ትኑርበት ካለህም ትኑርበት። ባሕር ዳር ባጃጅ የምትነዳ ሴት አታጣም። እሷን ፈልግ። ጎማ ስትቀይር ቅረጻት። እጇ ግራሶ ይሁን፣ ላቧም ይታይ፣ ቆንጆም ብትሆን ምን ከፋ? ቁንጅናዋን አልጠላሁም። ብቻ ስትቀርጻት ወደ ካሜራው ታይ። ስለ ጎማውም የሚመስላትን በራሷ አፍ ትናገር። ወንድ ሹፌር ከጨመርህም ሸሚዙን አታስወልቀው፤ ሸሚዝ አውልቆ ጎማ የሚቀይር ሰው እኔ አላየሁም።

ከዚህ ወዲያ ደግሞ ከምትቀርጸው ሰው ጋር፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከመጀመርህ በፊት ተነጋገር። ምን እንደሚታይ ንገረው። ቆርጠህ ስትጨርስ ሳይለቀቅ በፊት ጠርተህ አሳየው። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ከተቆጣህ እናቴ አዘዘችኝ በለው። ወገብ የሚያሳንሰውን ፊልተር ደግሞ እባክህ ተወው። አንተ እዚያ በአንድ ጣት የቀነስኸውን እዚህ የሚከፍለው የኔ ደንበኛ ነው።

አንድ ነገር አልገባኝም፤ ስትጽፍ አስረዳኝ። እህትህ ፊት ካለ ነገሩ ሁሉ ደህና ነው ብዬ እንዳስብ አልፈለገችም። ፊቱ እያለም፣ እያሳቁም፣ ሰውን ዕቃ ማድረግ ይቻላል ትላለች። እኔ ደግሞ ዓይን ለዓይን የተያየን ሰው ዕቃ ማድረግ ይከብዳል እላለሁ። አልተስማማንም። አንተ በካሜራው ውስጥ የምታይ ሰው ነህና የትኛችን እንደምንቀርብ አንተ ታውቃለህ። የማትስማማበትም ካለ ጻፍልኝ፤ አልቀየምህም።

በሶና ድርቆሽ ከሚመጣ ሰው ጋር ልኬልሃለሁ። በሶውን እርጥበት እንዳያገኘው። ሱሪህን አሳጥሬዋለሁ፤ ወገቡን ግን አልነካሁትም፣ ከስተህ እንደሆነ መጥተህ ልለካህ። የጎማውን ቀረጻ ከመጀመርህ በፊት ኔትወርክ ካገኘህ ደውልልኝ፤ ካላገኘህም ሰውየው ምን እንዳለህ ጽፈህ ላክልኝ።

እናትህ
ደብረ ማርቆስ